በቅሎዋን ዳገት ላይ ያነቃት

ጥር 6

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታሽም ደርሶኛል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ጽፈሽ ሳይደርሰኝ ቢቀር ነበር የሚገርመው። ጤናዬ ደህና ነው። ሥራዬም ያው ሥራ ነው፤ ውኃ የሚስቡ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች አሉኝ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፣ እኔ መሃል ሆኜ ሁለቱንም አስታምማለሁ። ጣቢያው ስልክ የለውም። ደብዳቤ የሚመጣው ነዳጅ በምታመጣው መኪና ነው፤ እሷም በሳምንት አንዴ ብቅ ካለች ነው። ስለዚህ ለምን ዘገየህ ብለሽ አትቀየሚኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ሰው ስለ አሥር ቀን ይቅርታ ሲጠይቅ ያስቃል፤ ቢሆንም ይቅርታ።

ከሁለት ገጽ ሰላምታ በኋላ የጻፍሽው ቁም ነገር አንድ መስመር ነው፤ እሱም ስለ በቅሎዋ። አባትሽ ያቺን አሮጌ ሞተር ሳይክል «በቅሎዬ» እያለ ሲጠራት ልጆቹ እንቀና እንደነበር ታስታውሻለሽ? እኔን በቁልምጫ ጠርቶኝ አያውቅም። አሁን በቅሎዋ ስትነሳ ትንተባተባለች፣ ነዳጅ ሲሰጧት ታንቃ ትጠፋለች፣ ምን ይሻላታል ብለሽ ከሰው ሁሉ መርጠሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ። በእሷ ምክንያት ከቤት የወጣውን ሰው!

ያኔ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበርና ሁሉንም አልሰማሽ ይሆናል። አባትሽ «ካርቡራተሯን ፈትተህ እጠባት» አለኝ። ነዳጅና አየር የምትደባልቀዋን ዕቃ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት እናታችን ጠናባት፤ እሱ ሐኪም ሊያመጣ በቅሎዋን አስነስቶ ወጣ። ዳገቷ ላይ ታነቀች። እየገፋት ወጣ። ሐኪሙ በራሱ መኪና ሲደርስ እናታችን ሁለት ሰዓት ቀድማው ሄዳለች። ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «የእናትህ ነፍስ በእጅህ ነው የጠፋው፤ ያ እጅ ዳግመኛ የእኔን መፍቻ አይነካም» አለኝ። ይቆጨዋል፣ ይጠራኛል ብዬ ስምንት ቀን ጠበቅኩ። በዘጠነኛው ወጣሁ።

ያቺን ካርቡራተር በደንብ ነው ያጠብኳት። ይህን ለሰው መናገር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ለራሴ መናገር ግን አልተውኩም።

ስለዚህ እምቢ ልልሽ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሸራ ለብሳ ጥግ ተቀምጣ ማንም አልነካትም ብለሻል። እንግዲያው ያነቃት ነገር እስካሁን ውስጧ አለ። ክፈቺያት። እኔ ከዚህ እነግርሻለሁ፣ አንቺ እጅ ሁኚኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያነቃት ምን እንደሆነ ይገኝና እሱ በሕይወት እያለ ይነበብለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ንጋት እንቅልፍ አብዝቷል።

ታንኩን አጥበሽ አዲስ ቤንዚን መሙላትሽ ጥሩ ነው። አስነሺያት፣ ጥቂት ትንተባተብ፣ አጥፊያትና ስትቀዘቅዝ ካንዴላዋን ፍቺ። ሞተሩ ራስ ላይ ወፍራም ሽቦ የተሰካበት ነጭ ሸክላ ነው። ጫፉ ቡናማ ነው? ነጭ ነው? ጥቁር ነው? ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትንኪ። እሱስ፣ ታሟል ያለኝ ሰው ነበር፤ አልጋ ላይ ነው? ስሜንስ ያነሳል?

ወንድምሽ


ጥር 21

ለጋሼ፣

ሰላምታ አበዛሽ ብለህ ስለሰደብከኝ አንድ ብቻ ጽፌ አቆማለሁ። እንዴት ነህ? በቃ።

መጀመሪያ ነገር «አባትሽ» አትበል። አባታችን ናቸው። አንተ «እሱ» ስላልካቸው እሳቸው አያንሱም፣ አንተም አታድግም። የቀረውን እንደፈለግህ ተቆጣ፤ መቆጣትህን አልከለክልም።

ስማቸውን ሳትጠራ ብትጠይቀኝም ገብቶኛል። አዎ፣ አልጋ ላይ ናቸው። ሳንባቸው ነው፤ የጋራዡ ጭስና የብየዳው ጢስ ዛሬ ዋጋውን እየተቀበለ ነው። ሐኪሙ ሌላም ነገር ብሎኛል፤ እሱን ሌላ ጊዜ። ስምህን ያነሳሉ ወይ ላልከው፣ አልዋሽህም፣ አያነሱም። ደብዳቤህ የመጣ ቀን ግን ፖስታውን ከእጄ ወስደው አገላበጡና «እጅ ጽሑፉ አልተለወጠም» አሉ። ሰላምታህን አነበብኩላቸው። ሰላምታ አልላክህም ነበር፤ ከራሴ ጨምሬ ነው ያነበብኩት። ቅር ካለህ በሚቀጥለው ራስህ ላክ፣ እኔ ከመዋሸት እድናለሁ።

ጋራዡ አሁን የእኔ ልብስ ስፌት ነው። የብረት ማሰሪያው በነበረበት ሁለቱ የስፌት መኪኖቼ ቆመዋል፣ መፍቻዎቹ በተሰቀሉበት ምስማር ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል። በቅሎዋን ወደዚያ ገፍቼ አስገባኋት። ካንዴላዋ ጥቁር ነው። የድስት ቂጥ የመሰለ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር ጥላሸት። በዚያው እጄ የሙሽራ ቀሚስ ነክቼ የእጅጌውን ጨርቅ እንደገና መቁረጥ ግድ ሆነብኝ። ሙሽራዋ ብታውቅ እኔን ነበር የምትቆርጠኝ።

ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ገብቼ «ረበሽኩዎት?» አልኳቸው። ኋላ ምግብ ሳቀርብላቸው «ያቺን ብረት ተያት። የተኛ ነገር አይቀሰቀስም» አሉኝ። ያንተ ነገር እንዳናደዳቸው ገባኝ። አልተውም።

እውነቱን ልንገርህ? በቅሎዋ ሰበብ ናት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ «ናፍቀኸኛል» ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ፣ አንድም አልመለስክም። «ሞተሯ ትንተባተባለች» ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ ሁለት ገጽ መለስክ። እንግዲህ ሞተር ካሉት የሚመጣ ወንድም ከሰጠኝ፣ ሞተር እፈታለሁ። አግብተሃል? እሱንም ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 3

ለሚጢጢ፣

ለአባታችን ሰላምታ ላክ ብለሽኛል። ሰላም በዪው። ይኸው፣ ከመዋሸት ዳንሽ።

አላገባሁም። አንዲት ነበረች። ደግ ሴት ነበረች፤ ስለ እኔ ሁሉን አወቀች፣ አባቴን ስትጠይቀኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው ሆንኩባት። አንድ ቀን «አባቱን የደበቀ ነገ እኔንም ይደብቀኛል» አለችና ሄደች። ልክ ነበረች። ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አትጠይቂኝ።

ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ብልጭታው ደህና ነው፤ ነዳጅ በዝቶባታል። መዋጥ ከምትችለው በላይ እየጎረሰች ነው። ሜዳ ላይ እንደምንም ትሄዳለች፣ ዳገት ላይ ግን ትታነቃለች። ያቺን ዳገት ለዚህ ነው ያልወጣችው።

አሁን የአየር ማጣሪያውን አውልቀሽ አስነሺያት። ከተሻላት፣ እንዳልኩት ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ቾኳ፣ የአየር መዝጊያዋ፣ ሙሉ ለሙሉ መከፈቷን እዪ። ከዚያ ካርቡራተሯን ፍቺ። ጋዜጣ አንጥፊና የፈታሽውን በፈታሽበት ተራ ደርድሪ፤ እሱ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው፣ ያስተማረኝ ሁሉ ትክክል ነበር። ከሥር ያለችው ኩባያ ውስጥ ተንሳፋፊ አለች። ጆሮሽ ሥር ነቅንቂያት፤ ውስጧ ቤንዚን ከተንቦጨቦጨ ተበስታለች። ከእሷ በላይ፣ መሃል ላይ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ የነሐስ ብሎን አለች። መሃሏ ቀዳዳ ናት። ሞተሯ የምትጠጣው ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ነው። ወደ ብርሃን አንሺና እዪ፤ ጠርዟ ክብ ነው ወይስ የተጫረና የተዛነፈ?

አደራሽን መርፌ እንዳትሰጂባት። ልብስ ሰፊ ስለሆንሽ እጅሽ ወደ መርፌ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ነሐስ ለስላሳ ነው። ብረት ከገባባት ትሰፋለች፤ በዓይን በማይታይ ልክ እንኳ ብትሰፋ ሞተሯ በነዳጅ ትታፈናለች። በአፍሽ እፍ በዪባት፣ በቃ። እኔም ያን ቀን ሁለቴ እፍ ብዬ ነው ያጠራኋት።

ያገኘሽውን ለእሱ አንብቢለት። ከዚያ «ልጄ አላጠፋም» ይበል። ሁለት ቃል ነው። ማለቱን በጻፍሽልኝ ሳምንት በነዳጅ መኪናዋ ተሳፍሬ እመጣለሁ። ሳይል ግን እግሬ ያን ደጅ አይረግጥም።

ወንድምሽ


የካቲት 18

ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ሲተኛ ሲነሳ የሚያስቸግርህ ሞተር ተሻለው? እዚህ ነፋሱ በርትቷል። የጋራዡ ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ተነቅሎ ጎረቤታችን አናጢው ወጥቶ መታልኝ። አናጢውን ታስታውሰዋለህ፤ ምስማር በጥርሱ ይዞ የሚያወራው። አሁን ጥርሱ አልቆ በከንፈሩ ነው የሚይዘው፣ ማውራቱን ግን አልተወም። «የታላቅሽ እጅ ወርቅ ነበር» አለኝ። ስልሳ የተማሪ ዩኒፎርም ታዝዤ እጄ በሰማያዊ ጨርቅ ተነክሯል።

የሐኪሙን ነገር ሌላ ጊዜ ብዬህ ነበር። ሐኪም ለሽማግሌ ምን ይላል? ይረፉ ይላል። ሳላቸው ብሷል። በሦስት ትራስ ተደግፈው ነው የሚያድሩት።

ያዘዝከኝን ሠርቻለሁ። ማጣሪያውን ሳወልቀው ተሻላት፤ መንተባተቧ ቀነሰ። ቾኳ ክፍት ናት። ተንሳፋፊዋን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት፣ ባዶ ናት፣ ደህና ናት። ጋዜጣ አንጥፌ ሁሉንም በተራ ደርድሬ መልሼ ገጥሜያለሁ።

የነሐሷን ብሎን ያን ቀን ደመና ስለነበር በደንብ አላየኋትም። እንደገና አያታለሁ።

ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን የሚጠብቀኝ ሥራ አለ። ደህና ሁንልኝ።

እህትህ

አንድ ነገር ረሳሁ። በመርፌ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ ይጠብባል ወይ? ለማወቅ ያህል ነው።


የካቲት 27

ለሚጢጢ፣

አይጠብም። የሰፋ ሰፋ ነው። ለምን ጠየቅሽ? አትስደጂ ያልኩሽን ሰድደሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። እቆጣለሁ፤ ግን ንገሪኝ።

ደመና ነበር ትያለሽ። አንቺ እኮ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የምትሰፊ ሰው ነሽ! የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የአናጢ ጥርስ፣ ስልሳ ዩኒፎርም ሁሉ ታይቶሽ አንዲት ቀዳዳ ደመና ጋረደብሽ? ወይስ እሱ ነው «አትጻፊለት» ያለሽ? ቢል አልገረምም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልክ ነኝ ብሎ የኖረ ሰው በአንዲት ብሎን መሳቱን መስማት አይፈልግም።

ያን ቀን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደገጠምኩት ብታውቂ ታዝኚልኛለሽ። እዚህ ሞተር ሥር ተጋድሜም ያንኑ ነው የምፈታው። ጋዜጣውን አነጠፍኩ። ኩባያዋን አጠብኩ። ብሎኗን ሁለቴ እፍ አልኩባት፣ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁባት፣ ጠርታለች። ጋዜጣው ላይ አስቀመጥኳት። እናታችን ወገቧን አሟት ተኝታ ነበር፤ ከአልጋዋ ሆና «ምሳህ ቀዘቀዘ» አለች። ገባሁ፣ በላሁ፣ እጄን ታጥቤ ተመለስኩ፣ ገጠምኩ። ሁሉም በተራው ነበር። የጎደለም የተረፈም ብሎን አልነበረም። እና የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

አንቺ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር። ያየሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። እባክሽ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ለጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ና።

ሐኪሙ በጥር ነው የነገረኝ፤ «ከሁለት ወር አያልፉም» ብሎኛል። ደበቅኩህ። ብነግርህ በንዴትህ አጉል ቃል ትጽፍና ኋላ ይቆጭሃል ብዬ ነው። አሁን ሁለተኛው ወር እያለቀ ነው። ጎረቤት እየገባ ቆሞ አይቷቸው ይወጣል፤ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ።

ቃል አትጠብቅ፤ ቃል የሚጠበቀው ጊዜ ካለው ሰው ነው። ብሎኗን አየሻት ወይ ላልከኝ፣ አይቻታለሁ። በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም። ስትመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ።

ና ብቻ። የፈለግኸውን ያህል ተቆጥተህ ና።

እህትህ


መጋቢት 14

ለሚጢጢዬ፣

ደብዳቤሽን ትናንት አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜ የሚያስነብብ ርዝመት ስላለው አይደለም።

«አይቻታለሁ፣ በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም» ስትዪ ገባኝ። ጨክነሽ መጻፍ አቅቶሽ ነው እንጂ፣ እኔ ነኝ። ቀዳዳዋ ሰፍታለች፣ ያሰፋኋትም እኔ ነኝ። ማጣሪያው ሲወልቅ ተሻላት፣ ቾኳ ደህና፣ ተንሳፋፊዋ ደህና፤ ከእሷ በቀር የቀረ ነገር የለም። ያን ቀን ከእኔ ሌላ ማን ነካት? ቸኩዬ ሽቦ ሰድጄባት ረስቼው ይሆናል። ሰው የማይፈልገውን ይረሳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የኖርኩት፤ የራሴን ጥፋት አባባ ላይ ስለጥፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

አባባ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ጻፍኩት፣ አልሞትኩም። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ተበደልኩ ብሎ መኖር ለካ አድካሚ ኖሯል።

ሁለቱን ቃል ትቻቸዋለሁ፤ አልፈልጋቸውም። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በወሩ መጨረሻ በምትመጣው መኪና ተተኪ ሠራተኛ ይመጣልኛል፣ በእሷው ተሳፍሬ እመጣለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ለአባባ «ልጅዎ ጥፋቱን አምኖ እየመጣ ነው» በዪያቸው። ደስ ይበላቸው። እስከዚያ እንዲጠብቁኝ ለምኚልኝ።

ከዚህ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ አዲስ ብሎን ልኬያለሁ። የጣቢያው ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ራሴ ነኝ የሠራኋት። የድሮዋ ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአእምሮዬ ወጥቶ ስለማያውቅ ልኩን አልሳትኩም። አራቱን ስበሳ አበላሽቼ አምስተኛዋ ናት። እስክመጣ አትግጠሚያት። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው እየሰሙ እኔ ልግጠማት። በደንብ ስትዞር ከድምፁ ያውቃሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ።

ወንድምሽ


መጋቢት 15

ለወንድሜ፣

አባባ መጋቢት 8 ቀን ልክ በእኩለ ቀን አረፉ። ቀብራቸው ተፈጽሟል። ሰው ብዙ ነበር። ስለ አንተ ለጠየቀኝ ሁሉ «መንገድ ላይ ነው» አልኩ።

አሁን በየካቲት መጻፍ የነበረብኝን ልጻፍ።

ያን ቀን ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አይህ ነበር ብለሃል። አዎ። ለምሳ ስትገባ እኔ ቀረሁ። ያቺን ትንሽ ብሎን አነሳኋትና አንተ እንዳደረግኸው ወደ መስኮቱ አየሁባት። ቀዳዳዋ በጣም ከመጥበቧ የተነሳ የተደፈነች መሰለኝ። የእማዬን የመርፌ ቆርቆሮ አመጣሁ። መርፌው አልገባ ሲል እያዞርኩ ገፋሁት። ጫፉ ተሰበረ፤ ብሎኗን አራገፍኳት፣ መሬት የወደቀ መሰለኝ። ከዚያ ብርሃን ጥሩ አድርጋ አሳለፈች። መልሼ በቦታዋ፣ በተራዋ አስቀመጥኳት። «ማነው እንዲህ ያጠራት?» ብለህ «ጎበዝ» እንድትለኝ ነበር። ሳታያት ገጠምካት። በማግስቱ እማዬ ሞተች፤ ስለ መርፌ ማን ያስባል? «አደራሽን መርፌ» የሚለውን መስመርህን እስካነብ ድረስ፣ በእማዬ አፈር እምልልሃለሁ፣ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያን ስታነብ የነበረች ሴት መርፌ የተሰካበት ልብስ ለብሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን በልጅነት ማሳበብ አልችልም። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ለአንተ ብነግርህ አንተን፣ ለአባባ ብነግራቸው በመጨረሻ ቀናቸው እሳቸውን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። በቅሎዋን ሰበብ አድርጌ ላመጣህ ነበር የተነሳሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ሁለታችሁንም አጣሁ።

«ና» ብዬ በጻፍኩልህ ማግስት ነገርኳቸው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አደረግኩና «ወንድሜ አይደለም። እኔ ነኝ፣ በመርፌ» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አውቃለሁ» አሉ።

ጋሼ፣ ያውቁ ነበር። የመሣሪያ ሳጥናቸውን አስመጡኝ፤ ከታችኛው መሳቢያ አንድ የክብሪት ቤት አስወጡኝ። ውስጡ የመርፌ ጫፍ አለ። እማዬ በተቀበረች በሰባተኛው ቀን ካርቡራተሯን ለብቻቸው ሲከፍቱ ኩባያዋ ውስጥ አግኝተውታል። በቤታችን መርፌ የምንይዘው እማዬና እኔ ነበርን፤ እማዬ ተኝታ ነበር። መልሰው ገጥመው ሸራ አለበሷት። ሰባተኛው ቀን ነው ያልኩህ። አንተ እስከ ዘጠነኛው ቤት ነበርክ።

«ለምን?» አልኳቸው። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ። እናቴን ገደልኩ ብለሽ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እሱ ወንድ ነው፤ ይችለዋል ብዬ ነው። ሲበርድለት ጠርቼ እነግረዋለሁ ስል ዓመት ዓመትን ወለደ።» ሞተሯን ሳስነሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ለካ በአንተ ተናድደው አልነበረም። የሰፋችውን ቀዳዳ እንዳላገኝ ፈርተው ነበር።

«በሉ አሁን ‹ልጄ አላጠፋም› ይበሉና ልጻፍለት» አልኳቸው። እግራቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ በደብዳቤ አይባልም። ሲመጣ ለራሱ እነግረዋለሁ» አሉ። «ካላሉት አይመጣም እኮ!» አልኳቸው። «ይመጣል፤ የእኔ ልጅ ነው» አሉ። በማግስቱ መናገር አቆሙ።

የመርፌውን ደብዳቤህን ያገኘሁት የካቲት 10 ነው። የነገርኳቸው መጋቢት 6። ሃያ ስድስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸው፣ ለአንተም ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ነበርክ፤ እሳቸውም በአፋቸው ነግረውህ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኝ። የፈለግኸውን በለኝ። ብቻ ዝም አትበለኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 2

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለእኔም እንዲሁ በዪልኝ፣ እዚህ የሚለኝ ሰው የለም።

ያመጣልኝ ሹፌሩ ነው። ተተኪውን አወረደና ደጃፌ ላይ ሻንጣዬን አይቶ «ተዘጋጅተህ ጠበቅኸኝ» አለኝ። ቆሜ አነበብኩትና ሻንጣዬን መልሼ አስገባሁት። ተተኪው በመጣባት መኪና ተመለሰ።

የላክሁት ብሎን ይህ ሳይደርስሽ ደርሶሽ ይሆናል። አብሮት የጻፍኩትን አንብበሽዋል ማለት ነው። ባታነቢው ደስ ይለኝ ነበር።

ግጠሚያት። የተጀመረ ሥራ አይተውም። በጣትሽ እስክትቆም አዙሪያት፣ ከዚያ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ፤ ነሐስ ነው አትጨክኚበት። ከጎን ያለችውን የአየር ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቀሽ አንድ ዙር ተኩል መልሻት። አናጢው ይውሰድና ዳገቷን ያውጣት። ትወጣለች። እንደወጣች ግን አትጻፊልኝ።

ስለ መርፌው አልቀየምኩሽም። ከምሳ ስመለስ ብትነግሪኝ ጆሮሽን ቆንጥጬ፣ ብሎኗን ጥዬ፣ «ጎበዝ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» ብዬሽ ያልቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ላይ ሰው አይፈረድበትም። ሃያ ስድስቱን ቀን ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶሽ ነው ዝም ያልሽው። እሱን ይቅር ልልሽ ተቀምጬ ሞክሬያለሁ፣ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም። የክብሪት ቤቱንም እንዳትልኪልኝ።

አባባ «ይችለዋል ብዬ ነው» አሉ ብለሽ ጽፈሻል። መጥቼ እንዳልነግራቸው የሉም። ስለዚህ አንቺ ስሚው።

አልቻልኩትም ነበር።

ወንድምሽ